ለእንድሪስ የሠራሁት ኳስ

ይድረስ ለምወድሽ ለምሳሳልሽ እታለም ዙህራ፤ ባቲ።

እንደምን ከርመሻል እታለም፣ እንደምን አለሽልኝ፣ ጤናሽስ፣ ያ ወገብሽን ቀስፎ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው፣ ትንሿ ጠሂራ ጥርስ አወጣች ወይ፣ የቤትሽ አባወራ አያ ሙሄስ ግመሎቹን ይዞ ከበረሃ በሰላም ገባ ወይ፣ የእማዬ ጉልበትስ እንዴት አደረጋት፣ ጎረቤቱስ፣ አገሩስ፣ ዝናቡስ ጣል ጣል አለ ወይ። ሰላምታዬ ከዚህ ከመርካቶ ግርግር ተነስቶ፣ የኮምቦልቻን ቁልቁለት ወርዶ፣ እደጃፍሽ ይድረስልኝ።

እታለም፣ መጀመሪያ አንድ ነገር። እማዬ አጠገብሽ ካለች ይሄን ወረቀት አሁኑኑ እጠፊውና ጓዳ ግቢ። ጮክ ብለሽ እንዳታነቢው። ምን ይላል ብትልሽ የዕቃ ዋጋ ነው በያት፣ አፍሽ ያመጣልሽን በይ፣ ብቻ ፊትሽን እንዳታይብሽ። ቁጭ በይ፣ ቆመሽ አታንብቢው።

ደብዳቤ ሲጻፍ እኛ አልሃምዱሊላህ ሁላችን ደህና ነን ይባላል አይደል። እኔም ጽፌው ነበር፣ ከጻፍኩት በኋላ አየሁትና ወረቀቱን ቀድጄ ሌላ ጀመርኩ። ደህና አይደለንም እታለም። እንድሪስ ሞቷል። ወንድማችን ሞቷል። ያለፈው እሁድ ጠዋት ከናዝሬት ሲመለሱ የተሳፈሩበት መኪና ሞጆን አለፍ ብሎ ተገለበጠ፣ ሌሎቹ ቆሰሉ፣ ተሰበሩ፣ እሱ ብቻ እዚያው ቀረ። ፊደሉ ቢጣመምብሽ አትፍረጂብኝ፣ ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፣ ትምህርት ቤት አልገባሁ፣ ራሱ እንድሪስ ነው በጋዜጣ ቁራጭ ፊደል ያስቆጠረኝ። ደብዳቤ ጸሐፊ ጋ ብሄድ ደግሞ ጀምበር ሳትጠልቅ ለጋሽ ጠይብ ይነግርብኛል።

ሞት በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። አገሩ ምን ይለኛል ብዬ እፈራለሁ። ግን ስሚኝ። ትናንት ጋሽ ጠይብና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩ፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። ለእማዬ፣ እንድሪስ ትንሽ አሞታል፣ ሆስፒታል ተኝቷል፣ መጥተሽ እይው ተብሎ ይላክባት፣ እዚህ ስትደርስ ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል አሉ። መልእክቱን የሚይዘው ለሰኞ ገበያ ቅዳሜ ወደ ባቲ የሚነሳው ጨርቅ ነጋዴ ነው። እኔ አላስችል አለኝና ወጥቼ አይሆንም ጋሼ፣ እንዲህ አታድርጓት አልኩ፣ እኔ ልጻፍ አልኩ። ጋሽ ጠይብ ደግሞ፣ አንቺ ልጅ አርፈሽ ተቀመጪ፣ መርዶ በወረቀት የሚልከው የየት አገር ሰው ነው፣ እናትሽን ልትገያት ነው ወይ ብለው ጮሁብኝ። ክፉ ሆነው እንዳይመስልሽ፣ ለእማዬ ያጎቷ ልጅ ናቸው፣ እኔንም እሱንም ቤታቸው አስገብተው ያኖሩን እሳቸው ናቸው፣ ጢማቸው እስኪርስ አልቅሰዋል። ደንቡ ነው። ሰው ብቻውን ሳለ አይነገረውም፣ በጠራራ ፀሐይ አይነገረውም፣ ዘመድ ሳይከበው አይነገረውም። እኔ ግን ይሄን ደንብ ቀመስኩት እታለም፣ በራሴ ላይ ሆነ፣ የሆነውን ልንገርሽና እማዬ ላይ ይሁን ትይ እንደሆነ አንቺ ፍረጂ።

የምሠራበትን ቤት ጽፌልሻለሁ፣ ሲኒማ ራስን አለፍ ብሎ ያለው የጋሽ ገብረ ኢየሱስ ኬክ ቤት። ሳህን አጣቢ ሆኜ ገብቼ አሁን ክሬም መምታቱንም ቅርጽ ማውጣቱንም ለምጃለሁ። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ፒያሳ ከጣሊያኖች ሥር ሆነው ሙያውን የተማሩ ሽማግሌ ናቸው፣ አፋቸው እሬት ነው ልባቸው ግን ማር። እንድሪስ ደግሞ ቀን ጋሽ ጠይብ ሱቅ ጨርቅ ይለካል፣ አመሻሽ ላይ ኳስ ነው። ያኔ ባቲ የአንቺን የበዓል ሻሽ ሰርቆ የጨርቅ ኳስ ጠቅልሎበት በርበሬ ልታጥኚው ያሯሯጥሽው ልጅ፣ እዚህ የጭድ ተራ ልጆች በረኛ ሆኖ ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ በስሙ የሚምልበት።

ለዋንጫ ሊጋጠሙ ወደ ናዝሬት ሲነሱ ኬክ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆመና፣ ሀጅሬ፣ ካሸነፍን እንደ ልማድሽ ደረቅ ብስኩት እንዳትሰጪኝ፣ ኬክ ነው የምትሠሪልኝ፣ እሱም ኳስ የሚመስል፣ ድብልብል ያለ፣ ካልተንከባለለ አልበላውም አለኝ። አብራኝ የምትሠራው ሠርኬ፣ ከተሸነፋችሁስ አለችው። ከተሸነፍን ባዶ ሳህን አምጡልኝ፣ እሱን እልሳለሁ አላት። አንተ ደግሞ ከእጅህ ኳስ ያመልጥሃል እንጂ ሳህን አያመልጥህ አለችው። እየሳቀ ሄደ። እኔ እጄ ሊጥ ስለነበር ጨብጬ እንኳ አልሸኘሁትም፣ ባንገቴ ነው ቻው ያልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለና አሸነፉ ተባለ። እንድሪስ ሪጎሬ አዳነ ተባለ፣ ሪጎሬ ማለት አንዱ ብቻውን ፊት ለፊት ቆሞ የሚመታው ነው፣ እሱን ያዘው። ሰፈሩ አበደ እታለም። የቡድኑ አለቆች ለአቀባበሉ ጋሽ ጠይብ ግቢ ድንኳን ተከሉ፣ ኬኩን ከኛ ቤት አዘዙ። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ራሳቸውን አከኩና፣ እኔ ክብ አውቃለሁ፣ አራት ማዕዘን አውቃለሁ፣ የሙሽራ ደረጃ በደረጃ አውቃለሁ፣ ጣሊያኖቹ ኳስ አላስተማሩኝም፣ ወንድምሽ ያመጣውን ጣጣ አንቺው ተወጪው አሉኝ። እኔም ነጠላዬን አደግድጌ ምን አለሽ ተራ ሮጥኩ። ቆርቆሮ ቀጥቃጩን፣ ልክና ልክ የሆኑ ሁለት ጎድጓዳ ነገር ቀጥቅጥልኝ፣ ኳስ ልጋግርበት ነው አልኩት። ኳስም መጋገር ጀመረ፣ ነገ ደግሞ ጎሉን ቀቅለሽ ታበይናለሻ ብሎ እዚያ ያለውን ሰው ሁሉ አሳቀብኝ። ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ አበጀልኝ፣ በአመድና በሎሚ እስኪያብረቀርቅ ፈተግኩት።

እሁድ በጠዋት ገባሁበት። እንቁላሉን መታሁ፣ ስኳሩን፣ ዱቄቱን፣ ሁለቱን ጎድጓዳ ቅቤ ቀብቼ ሞላሁና ምድጃ ከተትኩ። የመጀመሪያው ተበላሸ፣ ዳር ዳሩ ሲያር ሆዱ ጥሬ ቀረ። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ፣ እንዲህ ያለ ጥልቅ ነገር በችኮላ አይበስልም፣ እሳቱን አብርጂው፣ ልጅ እንደማሳደግ ነው አሉና አጠገቤ ቆመው አሳዩኝ፣ ሁለተኛው በሰለ። እሳቸው ኬክ ላይ መጠጥ ጠብ ማድረግ ልማዳቸው ነው፣ የዛን ቀን ግን፣ ለናንተ ልጆች ነው፣ ሀራም አላበላም ብለው በሎሚና በስኳር ውሃ አራሱልኝ። ሁለቱን ግማሽ በማርመላታ አጣበቅኩት። ኳስ ሆነ እታለም። ካካዎ ያለበትን ቡናማ ክሬም ቀብቼ ልክ እንደ ቆዳው ኳስ አስመሰልኩት፣ ስፌቱን በቢላዋ ጀርባ አሰመርኩ፣ የቀረኝ ያቺ አፉ የሚታሰርባት ነጭ ማሰሪያ ብቻ ነበረች።

ያን ጊዜ ነው አንድ ሰው በር ላይ መጥቶ ጋሽ ገብረ ኢየሱስን የጠራቸው። ወጡ፣ ቆዩ፣ ተመለሱ። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ እኔ ዱቄት የነካቸው መሰለኝ። ምን ሆኑ ጋሼ አልኳቸው፣ ጥርሴን ነው አሉኝ። ማሰሪያዋን በነጭ ስኳር ልስል ስል፣ ቆይ እኔ ልያዝልሽ ብለው ትሪውን ያዙልኝ፣ ትሪው በእጃቸው ሲንቀጠቀጥ ኧረ አይነቅንቁብኝ ብዬ ተቆጣኋቸው። ሌላ ቀን ቢሆን፣ ይቺ መስመር እንደ ሰካራም መንገድ ጠማማ ናት ይሉኝ ነበር፣ የዛን ቀን ጎበዝ ልጄ፣ ጎበዝ ልጄ ብቻ። ሠርኬን ወደ ጓሮ ጠሯት፣ ስትመለስ ዓይኗ ደም መስሏል፣ ጭሱ ነው አለችኝ። ከተበላሸው ኬክ ቆርሼ ሁለቱንም አጎረስኳቸው፣ በእንድሪስ ሞት ብሉልኝ ብዬ። እንዲህ ነው ያልኩት እታለም። በእንድሪስ ሞት። ሠርኬ አፏን በእጇ ይዛ ወጣች፣ እኔ ትን ብሏት ነው ብዬ ውሃ ይዤ ተከተልኳት።

አሁን ደግሞ መውሰዱ መጣ። ኳስ ነው፣ ቁጭ በል ቢሉት መች ቁጭ ይላል፣ ወዲህ ሲያደርጉት ወዲያ ይሄዳል። እኔ ትዝ አለኝ፣ እንስራ በምን ይቀመጣል፣ በማቶት አይደል። ከዳቦ ሊጥ እንደ ማቶት ክብ አድርጌ ጠቅልዬ ጋገርኩለት፣ እላዩ ላይ ሳደርገው ቁጭ አለ። ሠርኬ ጋሪ እንጥራ አለች፣ ጋሪ በዚያ ኮረኮንች ሲንገጫገጭ ይሰነጥቅብኛል ብዬ እምቢ አልኩ። ዳቦ የምንደረድርበት ረጅም ሳንቃ አለ፣ በሱ ላይ አድርገን ለአራት እንያዘው አልኩ። ከአቧራውና ከዝንቡ ብዬ ደግሞ ነጭ አቡጀዲ አለበስኩት። እኔ ነኝ አቡጀዲውን ያለበስኩት፣ ማንም አላለኝም። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ አቡጀዲውን ሲያዩ ተቀመጡ። ከዚያ ተነሱና፣ አንዱን ጥግ እኔ ነኝ የምይዘው አሉ። ኧረ ጋሼ፣ ወገብዎን ያምዎታል ብላቸው፣ ይመመኝ አሉ። ሁለት ኩሊዎች ከፊት፣ እኔና እሳቸው ከኋላ ሆነን ወጣን።

መርካቶን አታውቂውም እንጂ፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይዞ በዝምታ አያልፍበትም። እሁድም ቢሆን የእስላሞቹ ሱቅ ክፍት ነው፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ምንድነው እሱ፣ አጉርሺን፣ ሙሽራዋ የታለች፣ ተደፍቶልን በነበረ የማይል የለም። የዛን ቀን ዝም። ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቆሙ። ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ተነሳ። አንድ ሽንኩርት ነጋዴ መጣና ከፊት ያለውን ኩሊ ትከሻውን ነካ አድርጎ ሳንቃውን ተቀበለው፣ ትንሽ እንደሄደ ሌላው መጥቶ እሱን ተቀበለው፣ ከዚያ ሌላው። ክርስቲያኑም እስላሙም። ጋሽ ገብረ ኢየሱስን ግን ማንም ሊቀበላቸው አልቻለም፣ አልለቅም አሉ። እኔ ምን እንዳልኩ ልንገርሽ። የመርካቶ ሰው ለካ እንድሪስን እንዲህ ነው የሚወደው ብዬ ደስታዬ አናቴ ላይ ወጣ። እየሳቅኩ፣ ቀስ በሉ፣ እንዳይንከባለልባችሁ፣ በረኛው ገና አልመጣም፣ የሚይዘው የለም እያልኩ እቀልዳለሁ። አንድም ሰው አልሳቀ። አንዱ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከመሀላቸው የአንዱ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ የሚዘፍን መስሎኝ ጮክ በላ አልኩት።

በዚያ ሰዓት ሞጆ ላይ የአገሩ እስላሞች አጥበው፣ ሰግደውበት፣ እየቀበሩት ነበር። መርካቶ ጀናዛውን አላገኘም፣ ያንን ሳንቃ ተሸከመለት። እኔ ብቻ ነበርኩ ኬክ የተሸከምኩት።

ጋሽ ጠይብ ግቢ ስንደርስ ድንኳኑ ሙሉ ነው፣ ሰዉ ጭጭ ብሏል። ኬኩን መሀል ጠረጴዛ ላይ አሳረፍነው። የታሉ ልጆቹ አልኩ። ጋሽ ጠይብ፣ መኪናቸው ተበላሽቶ ነው፣ ነገ ይገባሉ ልጄ አሉኝ፣ እኔን ሳያዩ መሬቱን እያዩ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ ታዲያ መኪና ተበላሸ ተብሎ እንዲህ ይኮናል፣ ምነው ልቅሶ ቤት አስመሰላችሁት አልኩ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ እየሮጠች ወጣች። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ዝንቡን እሽ እያልኩ ኬኬን ስጠብቅ አመሸሁ። ድመት እንዳይነካብኝ ብዬ እዚያው አጠገቡ ምንጣፍ ላይ ተኛሁ። ሴቶቹ ሁሉ አብረውኝ ተኙ፣ ለኬኩ መስሎኝ፣ ለኔ ነው ለካ።

ከሱብሂ ሶላት በኋላ እግር ሰማሁ። ብዙ እግር። በጎህ ሰው በር ላይ ሲሞላ ምን ማለት እንደሆነ እኔና አንቺ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን፣ የአባታችንን መርዶ እንዲያ አይደል የነገሩን። ግን ደስታ ሰውን ያጃጅላል እታለም። መጡ ብዬ ዘልዬ ተነሳሁና አቡጀዲውን ገፍፌ ኬኩን ገለጥኩላቸው። ጋሽ ጠይብ ከፊት ናቸው፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ። ኬኩን አዩት። አልመጡም ልጄ አሉኝ። ቁጭ በይ ልጄ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጽፈውም፣ አንቺም አሁን እዚያው ላይ ነሽ።

ድንኳኑን ማንም አላፈረሰው፣ ለአቀባበል የተተከለው ለልቅሶ ዋለ። ኬኩን ማን እንዳነሳው አላየሁም። ጋሽ ጠይብ ለሰደቃ ይሁን ብለው ቁርአን ለሚቀሩት ልጆች ልከውላቸዋል አሉ። ልጆቹ እውነተኛ ኳስ መስሏቸው አንዱ ሊለጋው ሲል ነው አሉ ሼሁ የያዙት። እኔ አልቀመስኩትም።

ሠርኬን፣ ለምን አልነገርሽኝም፣ እህቴ አይደለሽም ወይ አልኳት። በምን አፌ አለችኝና አብራኝ ወደቀች። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ልቅሶ ሲደርሱ እግሬ ሥር ተቀመጡ፣ ሽማግሌ ሰው እኔ እግር ሥር። ልጄ፣ ሥራሽን ላስቁምሽ ብል ትጠረጥሪያለሽ፣ ልንገርሽ ብል ዘመድ የለሽ እዚያው ምድጃው ላይ ትወድቂያለሽ፣ ምን ላድርግ ጨነቀኝ፣ መሸከሙን ብቻ ነው የቻልኩት አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም እታለም፣ ማንንም አልተቀየምኩ፣ ሁሉም ለኔ ብለው ነው። ግን ያንን መንገድ ከራሴ ላይ ማውጣት አቃተኝ። ዓይኔን ስጨፍን እስቃለሁ። ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እኔ እስቃለሁ።

ልቅሶ ላይ ደግሞ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። አንደኛዋ፣ ያቺ ናት፣ ወንድሟ አፈር ሲገባ ኬክ ተሸክማ ስትስቅ የነበረችው አለች። ሌላዋ፣ አታውቅም ነበር እኮ ብትላት፣ ደም አይነግራትም ኖሯል አለቻት። ይሄ ወሬ መኪና ተሳፍሮ ባቲ ሊመጣ ነው። ያ ቅዳሜ የሚነሳው ነጋዴም በመንገዱ ቆሞ ሲያየኝ ነበር፣ ስስቅ አይቶኛል። እማዬ ከሱ አፍ ሰማችው ማለት ልጇን ሁለት ጊዜ ቀበረች ማለት ነው፣ አንዱን ሞጆ፣ አንዷን መርካቶ።

እማዬን ደግሞ አስቢያት። ልጅሽ ታሟል ከተባለች ባዶ እጇን መች ትመጣለች። ቅቤ ታነጥራለች፣ ማሩን ትቋጥራለች፣ ሼሁ ጋ ሄዳ ዱዓ ታስደርጋለች፣ የሚወደውን ቆሎ ትቆላለች። ቅቤው እንዳይደፋ ጭኗ ላይ ታቅፋ፣ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት፣ ለሾፌሩም ለተሳፋሪውም ልጄ በረኛ ነው፣ ትንሽ አሞት ነው፣ ቅቤ ሲያገኝ ይነሳል እያለች ልትመጣ ነው። ሾፌሩ ያውቃል። ነጋዴው ያውቃል። ሻይ የምትጠጣበት ቤት ሁሉ ያውቃል። ሁሉም ቅቤውን እናግዝሽ እማማ ይሏታል፣ እሷም ትመርቃቸዋለች። እኔ እኮ ከሲኒማ ራስ እስከ ጋሽ ጠይብ በር ነው የተሸከምኩት፣ እሷ ከባቲ እስከዚህ ድረስ ልትሸከም ነው። አትችለውም እታለም። እኔ ልጅ ሆኜ አልቻልኩትም።

ስለዚህ እለምንሻለሁ፣ በወለድሻቸው ልጆች፣ እዚያው ንገሪያት። መጀመሪያ አንቺ አልቅሺ፣ ወንዝ ወርደሽ ይሁን እርሻው ዳር፣ ይውጣልሽ። ከዚያ አክስታችንን ፋጢማን ብቻ ጠርተሽ ንገሪያት፣ እሷ ልቧ ጠንካራ ነው። ሼሁን ያዙ፣ ጎረቤቱን ያዙ፣ ደንቡ ይሁን፣ በጎህ ይሁን፣ ሰው ይክበባት፣ እኔ ደንቡን አልጠላሁም። ብቻ በቤቷ፣ በምድሯ፣ ለሱ ምንም ነገር ማዘጋጀት ሳትጀምር። ቀብሩ ሞጆ እንደሆነ፣ በወጉ ታጥቦ በወጉ እንደተሰገደበት ንገሪያት። አሸንፎ እንደነበርም ንገሪያት፣ ሪጎሬ ያዘ በያት፣ ባይገባትም በያት። ከዚያ የኔን ነገር ንገሪያት፣ ሰው ሳይቀድምሽ። አዎ ስቃለች በያት፣ አትደብቂያት፣ ግን አታውቅም ነበር በያት። ከአንቺ አፍ ከሰማችው ታምነኛለች።

ወረቀቱን የሚያመጣልሽ ጎበዜ ነው፣ አሰብ የሚመላለሰው ሾፌር፣ ነገ ይነሳል፣ ከነጋዴው ቀድሞ ይደርሳል። ምን እንደያዘ አልነገርኩትም፣ ግን ሲቀበለኝ ኪሱ ሳይሆን ደረቱ ውስጥ ነው የከተተው። ነጋዴው መጥቶ እንድሪስ ታሟል ሲላችሁ፣ ሰምተናል፣ አልቅሰናል በሉት። ጋሽ ጠይብ ያን ጊዜ እኔ እንደጻፍኩ ያውቃሉ። ይቆጡኝ ይሆናል፣ ከቤቴ ውጪ ይሉኝም ይሆናል፣ ሠርኬ እኔ ጋ ትገቢያለሽ ብላኛለች። እፈራለሁ እታለም፣ አልዋሽሽም፣ በዚህ ከተማ እሱ ነበር ወንድሜም አባቴም፣ ሰው በር ባንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ፣ ኬክ ቤቱም ገና አልተመለስኩም። ግን ከሁሉ የምፈራው እማዬ ቅቤዋን ታቅፋ ከመኪና ስትወርድ ማየት ነው። እኔም ከተቀባዮቹ መሀል ቆሜ፣ እያወቅኩ፣ ዕቃሽን ልያዝልሽ እማዬ ልላት ነው። እሱን አልችልም።

እንግዲህ ለአያ ሙሄ ሰላም በይልኝ፣ እሱ ወንድ ነው፣ ብቻሽን እንዳትሸከሚው ቶሎ ንገሪው። ለአክስቴ ፋጢማ ጉልበቷን ስሜያለሁ፣ ያን ቀን እማዬን ከኋላዋ ትያዝልኝ። ትንሿን ጠሂራን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ታላላቆቿንም በየስማቸው፣ አጎታችሁ የሚል ወሬ ልጆቹ ፊት አታውሩ፣ እነሱ አይደብቁም። ጎረቤቶቹን ሁሉ፣ ያለቀሰልኝንም የሚያለቅስልኝንም፣ አላህ ብድራቸውን ይክፈል በይልኝ።

ለእማዬ በዚህ ወረቀት ሰላምታ አልላክሁም። ሀጅራ ሰላም ብላሻለች ካልሻት፣ እንድሪስስ ብላ ትጠይቅሻለች። ስትነግሪያት፣ አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ሲዘጋ፣ ያኔ እጇን በኔ ስም ሳሚልኝ፣ ከሳቀችው ልጅሽ ነው በያት።

እህትሽ ሀጅራ

አዲስ አበባ፣ መርካቶ
የካቲት 8 ቀን 1959 ዓ.ም.